ፍየሎቹ የበሉት አጥር

በኬንያ በኩል፣ ከሞያሌ ገበያ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ድሮ የቆሻሻ ክምር ነበር። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ፌስታሉና ዳይፐሩ የእኔ ቲማቲም ላይ ይዘረገፋል። እኛ አትክልት ሻጮች ጥላ የለንም፤ ቀትር ሲሆን እኛም ቲማቲሙም እኩል እንጠወልጋለን። በቃ ይሄ ነገር አንገፈገፈንና ሴቶቹ ማኅበር መሥርተን ቦታውን ጠረግነው። ቺፉ፣ የአካባቢያችን ሹም፣ መጥቶ አየና "ችግኝ ትከሉ። እስከ ዝናቡ ከጸደቀ ቦታው የእናንተ ነው፤ ካልጸደቀ የጭነት መኪና ማቆሚያ አደርገዋለሁ" አለን። በደስታ ጨፈርን።

ኒም የሚባለውን የጥላ ዛፍ ተከልን። አጥሩን እኔ አሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ፤ እኔ አንዴ ከተነሳሁ ደግሞ የሚያስቀምጠኝ የለም። ከማኅበራችን ከከተማው ዳር ከቡቲዬ የሚመጡ አንዲት የቦረና እናት አሉ፣ ፍየል ሲያረቡ የኖሩ፤ ሁላችንም በክብር አዴ እንላቸዋለን። "ልጄ፣ የደረቀ እሾህ አምጪ" አሉኝ። ደረቅ እሾህ ከተማ መሃል ምን ያምራል? ቺፉ አይቶ ይደነቅ ብዬ ለምለም የግራር ቅርንጫፍ፣ ፍሬው እንደተንዠረገገ፣ በአህያ ጋሪ አስጭኜ መጣሁ።

"አዴ፣ ፍየል ማርባትና ከተማ ማስዋብ ይለያያል" አልኳቸው። አፌን በቆረጠው!

በማግስቱ ጠዋት ጉድ በል ሞያሌ! የከተማው ፍየል በሙሉ እኔ አጥር ላይ ነው። አጥሩን ጨርሰው ችግኙንም ላፍ ላፍ አድርገውታል፤ የቀረው እንጨት ብቻ። አዴ ሲስቁ ሲስቁ መቆም አቅቷቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። "ልጄ፣ ያጠርሽ መስሎሽ ደግሰሻል እኮ! ፍየል ከግራር ፍሬ የበለጠ ምን ትወዳለች?" ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእኔ ነው። ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ግን አለቀስኩ። በኔ ግትርነት የሁላችንም ቦታ ሊሄድ ነው።

አዴ ተነሱና አንዱን ችግኝ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ውስጡ አረንጓዴ ነው። "ሥሩ መች ሞተ? ተነሺ፣ ለቅሶው ይብቃ" አሉኝ። ከቡቲዬ ደረቅ እሾህ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ አስመጡ፤ ሾፌሩ በየጉድጓዱ እሾሁ ጀርባውን ሲወጋው "ወይኔ!" እያለ ነው የደረሰው።

ውሃው ነበር የቀረን። እኛ ጋ ውሃ በጄሪካን ነው፤ ማን ለዛፍ ያጠጣል? አንዷ ሙስሊም ጓደኛችን ከአጠገባችን ባለው መስጊድ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱ ውሃ በከንቱ እንደሚፈስ ትዝ አላት። ሼኩን ጠየቅናቸው፤ "ዛፍ ማጠጣትማ ሰደቃ ነው" አሉን። ቤተ ክርስቲያን የምንሄደውም፣ ጁምዓ የሚሰግዱትም አንድ ላይ ቦይ ቆፈርን። ሰው ለሶላት በታጠበ ቁጥር ችግኞቻችን ይጠጣሉ፣ በቀን አምስት ጊዜ። አርብማ ጎርፍ ነው!

ዝናቡ ሲገባ ቺፉ መጣ። ፍየሎቹ የላጩት ሁሉ አቆጥቁጦ፣ ጉልበት አልፎ ነበር። ዙሪያውን ዞረና "አጥሩን ያጠረው ማነው?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ተንኮለኞች!

"አዴ ናቸው" አልኩ። "እኔ ያጠርኩትን ፍየል በላው።"

ቺፉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ቦታው የእናንተ ነው" ሲል እልልታው ኢትዮጵያ በኩል ሳይሰማ አልቀረም።

ዛፎቹ ዛሬም ትልቅ አይደሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥላ የጣለችው አንዷ ናት፣ እሱም ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ። ሴቶቹ "አንቺ ብዙ ለፍተሻል፣ ተቀመጪበት" አሉኝ። ጆንያዬን አነጠፍኩና አዴን እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። እምቢ ሊሉ ነበር፤ እኔን ግን ያውቁኛል፣ ተቀመጡ። ያን ቀን ፀሐይ ላይ ዋልኩ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።