እኛ ቤት አያምም

ኦርቴንሲያ አንድ የገና ዋዜማ የቀለጠ ስብ ክንዷ ላይ ተደፋባትና፣ በበቆሎ ቅጠል የሚጠቀለለውን ታማሌ ጠቅልላ ሳትጨርስ ከምድጃው ንቅንቅ አላለችም። እኔ ስጮህ፣ «አበልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው ሰፈር የምትሰበስቢው? እኛ ቤት አያምም» አለችኝ። ክንዷ እኮ ተልጧል! ከወንዙ ማዶ፣ ከትውልድ አገራችን፣ ስንሻገር ችሎ ማደርን ብቻ ነው ይዘን የመጣነው፤ ሌላ የምንይዘው አልነበረንም። «ሆድ ይፍጀው» ሲባል ግን እኔን ያንገበግበኛል። ሆድስ ቢሆን ምን በደለ?

ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ልጇ ስለ ኔሬይዳ ነው። ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። አባቷ ፊደንሲዮ ብርቱካን ለቃሚ ነው። እኛ ካለንበት አገር በስተደቡብ ወንዙ አለ፣ በስተሰሜን ደግሞ ዘቦች ወረቀት የሚጠይቁበት የመንገዱ ኬላ አለ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው በሁለቱ መካከል ይኖራል። ፊደንሲዮና ኦርቴንሲያ ወረቀት የላቸውም። ከኬላው ወዲያ ያለውን አገር የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው። ልጅቷ ግን እዚሁ ስለተወለደች እንደልቧ ታልፋለች። ከትምህርት ቤት ጉዞ ስትመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው፣ ያየችውን ያስተርኳታል።

ገና ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የቤቱ ምላስ እሷ ነበረች። መብራት ሲቆረጥ፣ የቤት ኪራይ ሲጨመር፣ እንግሊዝኛውን የምትናገረው ኔሬይዳ ናት። አስተማሪዋ «ክፍል ውስጥ ወሬ ታበዛለች» ብላ ስትከሳት እንኳ አስተርጓሚዋ ራሷ ተከሳሿ ነበረች። ምን ብላ እንደተረጎመች አልነግራችሁም፤ ኦርቴንሲያ ግን የዚያን ቀን ኬክ ገዝታላታለች።

ከወንዙ ማዶ ያሉት የአክስቷ ልጆች በስልክ ሲያዩዋት፣ «ግሪንጋዋ፣ ፈረንጅዋ መጣች! የቶርቲያ ቂጣ በሹካ የምትበላዋ!» ይሏታል። ትምህርት ቤት ደግሞ፣ «ወደ አገርሽ ሂጂ» ትባላለች። «አገሬ ያውና፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ» ትላቸዋለች። ምላሷ ስለት ነው። ከቤቷ ስትገባ ግን ያ ሁሉ ስለት ይደንዛል።

ምክንያቱም ፊደንሲዮ ሕግ አለው። «ልጅ በትልቅ ሰው ነገር አይገባም። አሥራ አምስት ሞልቶሽ፣ ጫማሽን በእጄ ስቀይርልሽ፣ ያኔ ቃልሽ ቃል ይሆናል።» በእኛ ልማድ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሲሞላት በሚደገስላት በዓል፣ አባት ሰው ፊት ይንበረከክና የልጁን ዝርግ ጫማ አውልቆ ባለተረከዙን ያጠልቅላታል፤ ከዚያ በኋላ ሴት ናት።

«አባዬ፣ ለቤት አከራዩ ስናገር፣ ለመብራት ኃይሉ ስናገር ትልቅ ነኝ። ለራሴ ስናገር ልጅ ነኝ?» ትለዋለች።

«አዎ» ይላታል፣ ያው አበቃ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ኦርቴንሲያ ልጇን አስከትላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ ከሰሜን የመጣ ወጣት ነው፤ እኛ የምንናገረው ስፓኒሽ ለእሱ ከሰላምታ አያልፍም። ኦርቴንሲያ ጡት ውስጥ ያለው ዕጢ ክፉ ነው፣ ሳይሰራጭ መቆረጥ አለበት፣ ያን የሚሠራው ከኬላው ወዲያ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነው አለ። ልጅቷ ያን ሁሉ ለእናቷ ተረጎመች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። «ድምፄ ሌላ ሰው ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር» ብላኛለች በኋላ።

ፌርማታው ላይ ኦርቴንሲያ እጇን ያዘቻት። «ስሚኝ። አባትሽ ይህን ከሰማ ነገውኑ መኪናው ላይ ይጭነኛል። ኬላው ላይ ሁለታችንንም ይይዙናል፣ ወደ ማዶ ይጥሉናል፣ አንቺ ብቻሽን ትቀሪያለሽ። በዓልሽ ይለፍ፣ ጫማሽን ሲቀይርልሽ ልይ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።»

«እማ፣ በዓሉ እኮ ሰኔ ነው! እኔ በዓል አልፈልግም። እንንገረው።»

«አየሽ፣ ግሪንጋ ሆነሻል። እነሱ ናቸው ሁሉን ነገር አደባባይ የሚያወጡት። በጓዳሉፔዋ ድንግል ማርያም ማይልኝ።»

ያቺ ስድብ ናት ልጅቷን የያዘቻት። ዓመት ሙሉ «ከእኛ አይደለሽም» ስትባል የኖረች ልጅ፣ ከእናቷ አፍ ስትሰማው ምን ታድርግ? ማለች።

ከዚያ የበዓሉ የቫልስ ዳንስ ልምምድ ሆነ፣ ልብስ መለካት ሆነ። ዘመድ አዝማዱ እንደ ልማዳችን ወጪውን ተከፋፈለው፣ ኬኩን አንዱ፣ ሙዚቃውን ሌላው፤ የጫማው ደግሞ የእኔ ነበር። ኦርቴንሲያ ከሳች። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች፣ «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ!» ይሏታል። እሷም ዞር ብላ ወገቧን ታሳያቸዋለች። ኔሬይዳ ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ የልብስ ጭንቀት መስሎኝ፣ «ፈገግ በይ እንጂ፣ ሊድሩሽ አይደለም» እላት ነበር።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ፊደንሲዮ ተንበረከከ፣ ጫማውን አጠለቀላት፣ ማይክራፎኑን ተቀብሎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ሴት ናት፤ በቤቴ ቃሏ እንደ እኔ ቃል ነው» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ኔሬይዳ ማይክራፎኑን ከእጁ ወሰደች።

«ቃሌ ቃል ከሆነ ስማኝ፣ አባዬ። እማዬ ታማለች። ከኬላው ወዲያ ካልሄደች ትሞታለች።»

ፊደንሲዮ ከተንበረከከበት አልተነሳም፤ ያወለቀውን ዝርግ ጫማ እንደያዘ ነው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አላት።

«ምን?»

«ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ። ሌሊት ስታቃስት ሰምቼ አፋጠጥኳት። በዓልሽ እንዳይበላሽ፣ እስከዚያ ሐኪም ቤት እንዳልወስዳት፣ ለአንቺም እንዳልነግርሽ በድንግል አስማለችኝ።»

«እኔንም ለአንተ እንዳልነግርህ አስምላኛለች እኮ!»

ሁለቱም ወደ ኦርቴንሲያ ዞሩ። እሷም ከጠረጴዛው ተነስታ፣ «በሉ ኬኩን ቁረሱ፣ እንግዳ ቆሟል» አለች።

ወንበር አንስቼ ብወረውር ደስ ባለኝ! ሦስት ሰው በአንድ ማዕድ ቶርቲያ እየተቀባበለ፣ አንዱን ምሥጢር ለየብቻ ታቅፎ ከረመ። አባት ልጁን ላለማሳዘን፣ ልጅ አባቷን ከኬላ ለማዳን። ጠላት እንኳ ሰውን እንዲህ አይጎዳም። ይህን ስሕተት ከእኛ በቀር የሚሠራ የለም፤ የምንሠራውም ስለምንዋደድ ነው። ያናደደኝ ይኼ ነው።

በማግስቱ አምቡላንስ ተጠራ። ኬላው በሽተኛ ያሳልፋል፤ ዘብ አብሮ ይሄድና ሆስፒታሉ ውስጥ የበሽተኛው ክፍል በር ላይ ይቆማል፣ የዳነውን ወደ ማዶ ለመሸኘት። ወረቀት የሌለው ባል ግን አያልፍም። ስለዚህ ከኦርቴንሲያ ጋር የገባችው ኔሬይዳ ናት። ፊደንሲዮ አምቡላንሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ መንገዱ ዳር ቆመ፣ ከዚያም ወደ ብርቱካኑ ሄደ።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ከፊደንሲዮ ጋር በእነሱ ማድቤት ተቀምጠን ነበር። እሱ ቦሎቄ ይለቅማል፣ እኔ ውሃ ጥጃለሁ። ስልኩ ጮኸ፤ እጁ አቧራ ስለነበረ ድምፁን ክፍት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማንም አላናገረንም። የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ሰማን፣ ቀጥሎ የኔሬይዳ ድምፅ መጣ።

«እማ፣ እንዲህ ነው የሚለው። ‹በጾሙ ጊዜ መጥተሽ ቢሆን ቆርጠን እናወጣው ነበር። አሁን አጥንትሽ ውስጥ ገብቷል። የምንችለው ሥቃዩን ማስታገስ ብቻ ነው።›»

አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አላስቀረችም። ፊደንሲዮ መልቀሙን ተወ።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለች ኦርቴንሲያ።

«እየሰማ ነው፣ እማ። ሐኪሙ ሲገባ ነው የደወልኩለት።»

የምትቆጣት መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ያለው ዘብ ሲያስል ተሰማ፤ እሷ ግን ባሏን ጠራች።

«ፊደንሲዮ?»

«አቤት።»

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ» አለ። ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰም።

«እማ!» አለች ኔሬይዳ። «ንገሪው እንጂ። አንቺው ራስሽ ንገሪው።»

ኦርቴንሲያ ትንፋሽ ወሰደች። ያን ክንድ አስታወስኩ፣ ያን የተላጠውን።

«ፊደንሲዮ» አለችው፣ «ያመኛል። በጣም ያመኛል።»

እሱም፣ «መጣሁ» አላት። «መጣሁ፣ መጣሁ።» ባርኔጣውን አነሳና በሩ ድረስ ሄደ፤ እዚያው ቆመ።