የእናቴ ቀኝ እጅ ያመፀች ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የእናቴን የቆርቆሮ ሳጥን ስከፍት፣ ከነጠላዎቿ ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሮስተር አገኘሁ። ሮስተር ለማታውቁት፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ውጤት በእጅ የሚሰፍርበት፣ እንደ አንሶላ የሚዘረጋ ወረቀት ነው። በዚያ ዘመን አስተማሪን ከወባ ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነበር። ስዘረጋው የብል መድኃኒትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እስከ ሃያ ሦስተኛው ተማሪ ድረስ ጽሑፉ የታተመ ይመስላል። ከሃያ አራተኛው ጀምሮ ግን ፊደሎቹ ነብር እንዳየ ፍየል ይበታተናሉ። የእናቴ በሽታ የጀመረው እዚያች መስመር ላይ ነው።

እናቴ ጂንካ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ታስተምር ነበር። በእጅ ጽሑፍ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ጥፋቷም ይኸው ነው። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እሷ፣ የሰርግ መጥሪያ ላይ ስም እሷ፣ የተማሪ ሰርተፊኬት እሷ፣ የጎረቤት ማመልከቻ እሷ። «ያንቺ እጅ እኮ ያምራል» እየተባለች ስንት ዓመት ጻፈች። ከዚያ አንድ ቀን እጇ በቃኝ አለች።

ቾክ ወይም እስክሪብቶ ስትጨብጥ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ አንጓዋ ይጠማዘዛል፣ ቾኩ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ቾኩን ስታስቀምጠው እጇ ደህና ናት። ክር በመርፌ ታስገባለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሳጠፋ እኔን ትቆነጥጣለች፤ ያውም አጥብቃ።

ጤና ያጣ ሰው ምክር አያጣም። ጎረቤታችን፣ ከጎፋ መጥታ ልባሽ ጨርቅ የምትነግድ ጸሎተኛ ሴት፣ የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ «በጌታ ስም፣ ልቀቅ!» ብላ ጮኸች። እናቴም ቀስ ብላ «እህቴ፣ የያዝሽኝ አንቺ ነሽ እኮ» አለቻት።

ክሊኒክ ሄደች፤ ደም ሰጠች፣ ሽንት ሰጠች። ባለሙያው «ትንሽ ታይፎይድ አለብሽ» አላት። የመጣችው ለእጇ እንደሆነ ብትነግረው፣ «ታይፎይድ ቦታ አይመርጥም» ብሎ መርፌ አዘዘላት። መርፌው ሲያልቅ እጇ እንደነበረች ናት፤ እሷ ግን መቀመጥም አቃታት።

የአንድ ተማሪዋ አባት፣ በገበያ ቀን ከገዘር የሚወርዱ የአሪ ገበሬ፣ እጇን አገላብጠው አዩና፣ «ቲቸር፣ ይሄ እጅ በሽታ የለም። አንድ በሬ ብቻ ሁልጊዜ ጠመድሽ፣ በሬው ተኛ። ሌላ በሬ የለሽም?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

ያልሳቀው ዳይሬክተሩ ነው፤ ሮስተሩ ዘግይቶበታል። አንድ እሁድ ሳይጠራ መጣና እናቴን ደጃፍ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ አገኛት።

«ይኸው ይሠራል እኮ!» አለ፣ ጣቱን ቀስሮ።

«ነጭ ሽንኩርት እኮ አይጻፍም፣ ዳይሬክተር» አለችው።

በማግስቱ ደብዳቤ ደረሳት። የሕክምና ማስረጃ ካላመጣች፣ ሥራ ለመሸሽ ሆን ብላ እንዳደረገችው ተቆጥሮ ከክፍል ትነሳለች ይላል። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ!» ብላ ሳቀች። ጓዳ ገብታ ግን ስታለቅስ ሰማኋት። ከሥራው በላይ ያንገበገባት ውሸታም መባሏ ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላትና ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጓዝን። እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። የነርቭ ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ደም አልጠየቀችም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥታ «እስኪ ይጻፉልኝ» አለቻት። እስከዚያ ቀን ድረስ ስትጽፍ ልያት ያለ ሐኪም አልነበረም።

ወይ ጉድ! እጇ እንደ ድሮዋ ጻፈች። ስሟን ከነአባቷ፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር። እናቴን ላብ አጠመቃት። «ዶክተር፣ ልጄ ትሙት፣ እጄ እንዲህ አታደርግም!» አለች። ልጇ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ሐኪሟ ፈገግ ብላ «ይቀጥሉ» አለቻት። ሦስተኛው መስመር ላይ አውራ ጣቷ ታጠፈ፣ አንጓዋ ተጠማዘዘ፣ እስክሪብቶው ጣሪያውን አየ። እናቴ «አየሽው? አየሽው አይደል?» ብላ ከወንበሯ ብድግ አለች። በገዛ በሽታው እንዲያ የተደሰተ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ተፈወሰች ብለው እልል አሉ።

«የጽሕፈት ቁርጠት ነው» አለች ሐኪሟ። «አንጎል ለመጻፍ የሚሰጠው ትእዛዝ ሲዛባ ይመጣል። ስንፍናም እብደትም አይደለም። የሚያድን መድኃኒት ግን የለኝም፤ ግራ እጅዎን ያስለምዱ።»

«ሌላኛው በሬ» አለች እናቴ።

ማስረጃውን ተቀብላ ብታየው ከሐኪሟ ጽሑፍ አንድ ፊደል እንኳ አይነበብም። «ምነው ዶክተር፣ አንቺንም ጀመረሽ እንዴ?»

በመልስ ጉዟችን ኮንሶን አልፈን ወደ ወይጦ ስንወርድ ሙቀቱና የከብት አቧራው በመስኮት ገባ። እናቴ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ በየጊዜው ትዳብሰዋለች። ድንገት ወደኔ ዞረች።

«አንቺስ? አንቺ አምነሽኝ ነበር?»

«አዎ እማዬ» አልኳት፣ ሳልዘገይ።

ዋሸኋት። ከመሄዳችን በፊት በነበረው እሁድ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለችበት እንቅልፍ ሲወስዳት፣ እስክሪብቶ በጣቶቿ መሀል ቀስ አድርጌ አስገብቼ ነበር። አውራ ጣቷ አልታጠፈም። ያዝኩሽ ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። በሽታው በተኛ እጅ ላይ እንደማይመጣ የገባኝ ሐኪሟ ፊት ነው።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «አንቺም ባታምኚኝ ኖሮ አልችለውም ነበር።» ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ቀይ አፈር ከተማ እስክንደርስ ተኛች። ትከሻዬ ደነዘዘ፤ አልተንቀሳቀስኩም።

ከሀ ሁ ጀምራ ግራ እጇን አስለመደች፤ ጡረታ እስክትወጣም በእሷ አስተማረች። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ብነግራት ትስቅ ነበር፤ እሱን አውቃለሁ። ግን በዚያ ቀን ከኔ ያገኘችው ያንን አንድ «አዎ» ብቻ ነበርና መልሼ ልወስድባት አልቻልኩም። ባለፈው ወር ቀበርናት፤ እንዳመንኳት እያወቀች ሄደች።