የመጨረሻው ባሮን ጋሻ

በኛ በባቫሪያ የራውኤንፌልስ ባሮኖች ማዕረግ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ እንጂ ወደ ሴት አይተላለፍም። ባሮን ኤጎን ወንድ ልጁን ጦርነት በላበትና ዘሩ በእሱ አበቃ። እንዲህ ያለ ቤት ሲዘጋ፣ ዓርማው የተሳለበት የእንጨት ጋሻ ከመጨረሻው ሰው ሬሳ ጋር ይሰበራል። ሰባሪው የመንደሩ አንጥረኛ ነው።

የኛ አንጥረኛ ቬንደሊን ነበር። ባሮኑ የእሱን አንድያ ልጅ ፋይትን፣ በጫካዬ ጥንቸል አጠመድክ ብሎ በጥይት ደብድቦ ከገደለበት ወዲህ ከብረቱ በቀር የሚያናግረው አልነበረም። ዳኛው የባሮኑ ገበታ ላይ የሚበላ ሰው ነው፤ ማን ይጠይቅ!

በባሮኑ ቀብር ዕለት ወፍጮ ቤት ያለው ሽቴፈን፣ «ዛሬ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ» አለው በሹክሹክታ።

«አይዞህ፣ ስንት ዓመት አለማምጄዋለሁ።»

ቄሱ ጋሻውን የሬሳ ሳጥኑ ላይ አስቀምጠው፣ «ዛሬ ራውኤንፌልስ፤ ከእንግዲህ ግን የለም» አሉ። ደንቡ አንዴ መትቶ መሰንጠቅ ነው። ቬንደሊን መዶሻውን አሳረፈ፤ ጋሻው ለሁለት ተከፈለ። ደገመው። ሰለሰው። ስንጥሩ ፊታችን ላይ ተረጨ፤ የሳጥኑ ክዳን ወደ ውስጥ ገባና የባሮኑ አጥንት ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ያ ሁሉ ወንድ ቆመን አንዳችንም እጁን አልያዝነውም።

«በቃ! አንተ ቀጥቃጭ፣ አንዴ ይበቃል!» ብላ ጮኸች የባሮኑ ሴት ልጅ አደልሃይድ።

ቬንደሊን መዶሻውን እንደገና እያነሳ፣ «ለልጄም አንድ ጥይት ይበቃው ነበር፣ እመቤቴ» አላት።