ሰው ሰልፍ ላይ አይሞትም

ካየታን ሙሾል የሞተ ጊዜ የሉብሊን ጋዜጣ «አርባ ዓመት ያሳቀን ሰው» ብሎ ጻፈለት። ቆሽቴ አረረ። ጋዜጣውን ጨምድጄ ወረወርኩና መልሼ አነሳሁት፤ የሚቀጥለው መስመር ላይ የእኔም ስም ነበረበትና። «በፒያኖ ያጀበው የልብ ወዳጁ ቤኔዲክት ክሩክ» ይላል። የልብ ወዳጅ ምን እንደሠራው እኔው ልናገር።

ካየታን ቀልደኛ ሰው አልነበረም። የባቡር ጣቢያው ዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበር፤ ሲነጋም ሲመሽም የሻንጣና የሣጥን ክብደት ሲጽፍ የሚውል። ረጅም፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ሰላም ሲሉት እንኳ አስቦ የሚመልስ ሰው ነው። አባቱን አያውቅም። እናቱ ወይዘሮ አፖሎኒያ ስኳር ፋብሪካ ሠርተው ነው ያሳደጉት። ጡረታ ለሚወጡ ሠራተኞች እሱን ግጥም እያስጻፉ የፋብሪካው ግድግዳ ላይ የሚያስለጥፉት እሳቸው ነበሩ። «የኔ ልጅ ስለ ሰው ደግ ደጉን መጻፍ ያውቅበታል» እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወሩ ነበር። በኋላ ሁለት ቀጫጭን የግጥም መጻሕፍት አሳተመ። አንባቢ አላገኙም፤ እኔ አንብቤያቸዋለሁ፣ ጥሩ ነበሩ።

«እርጥብ ክብሪት» የተባለውን ካባሬያችንን፣ የዘፈንና የቀልድ ቡድናችንን፣ የጀመርነው በተማሪዎች ምግብ ቤት ነው። እኔ ፒያኖ፣ ሉድዊካ ድምፅ፣ ካየታን ግጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያ የጎመን ሽታ የማይለቀው አዳራሽ ጢም ብሎ ይሞላል። ካየታን የሚያስቅ ግጥም የሚጽፈው እየተጨነቀ ነበር። ጽፎ ያመጣና «ይሄ ያስቃል እንዴ?» ብሎ ከልቡ ይጠይቀናል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን፣ እሱ ደግሞ ግራ ገብቶት ያየናል።

አንድ የጥር ጠዋት ወይዘሮ አፖሎኒያ ሥጋ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ሳሉ ወደቁ። ጎረቤታቸው ዕቃ ክፍል ድረስ ሮጣ ነገረችው፤ እሱም የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ወጣ። ሰልፉ ከሥጋ ቤቱ በር ተነሥቶ፣ ማዕዘኑን ዞሮ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ይደርሳል። እናቱ ከፊት ናቸው። እሱ ሊያልፍ ሲል ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ዘጋው። ሥጋ ጠብቆ የሚያውቅ ፖላንዳዊ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃትን፣ ተራ ለሚሰርቅ የምትባለውን ነገር ነገሩት፦ «ጌታዬ፣ እርስዎ እዚህ አልነበሩም።» እናቴ ከፊት ናት አለ። እናቴ ታማለች አለ። አንዷ «እዚህ አገር የሁሉም ሰው እናት ሥጋ ሲመጣ ነው የምትታመመው» አለችውና ሰዉ ሳቀ። ከፊት ያሉት የሆነውን ያውቃሉ፣ ከኋላ ያሉት አያውቁም፤ ቦታውን የሚለቅ ግን አንድም የለም። ተጋፍቶ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ እናቱ ራስጌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሰዎቹ ክፉ አለመሆናቸው ነው። ክፉ ቢሆኑማ ጠልተናቸው በተገላገልን። አራት ሰዓት ብርድ ላይ ቆሜ ቢሆን እኔም አላሳልፈውም ነበር።

ሦስት ዓመት ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም። ከዚያ አንድ ቀን ለልምምድ ሲመጣ አንዲት ወረቀት ፒያኖዬ ላይ አስቀመጠ። ሦስት አንጓ ነው። በመጀመሪያው ሰውየው «አሳልፉኝ፣ እናቴ ከፊት ናት» ይላል። በሁለተኛው «አሳልፉኝ፣ እናቴ ታማለች»። በሦስተኛው «አሳልፉኝ፣ እናቴ ሞታለች»። ሰልፈኛው ሦስቱንም ጊዜ የሚመልስለት ያንኑ ነው፦ «ጌታዬ፣ እርስዎ እዚህ አልነበሩም።» ዝግ ያለ ዜማ ሠራሁለት። ሉድዊካ ሦስተኛው አንጓ ላይ ስትደርስ አቋርጣ ወጣች፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

በዚያ ዘመን ማንኛውም ዘፈን መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሁለት ቅጂ ሳንሱር ይገባል። የኛን ጽሑፍ የምታየው ሴትዮ የሹራብ ሰደርያ የምትለብስ፣ ሻይ ሳታቀርብ የማታናግር ጨዋ ሴት ነበረች። አነበበች። ሁለተኛው አንጓ ላይ ፈገግ አለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቀይ እርሳሷን አነሳችና አንዲት ቃል ሰርዛ ሌላ ጻፈችበት። «ሞታለች» የሚለው «ደክማለች» ሆነ።

«ሰው ሰልፍ ላይ አይሞትም» አለችን፣ ረጋ ብላ። «ይደክመዋል።»

«እናቴ እኮ ሞታለች» አለ ካየታን።

«ነፍስ ይማር፣ አቶ ካየታን። ዘፈኑ ውስጥ ግን ደክማለች። ቤቱም ይመታል፣ ቀለሙም እኩል ነው፤ ይቁጠሩት።»

እውነትም እኩል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። ማኅተሟን መታችበትና ሻዩ እንዳይቀዘቅዝብን ነገረችን።

ደጅ እንደወጣን ካየታን ዘፈኑ ይቅር አለ። ቃሏ ከሌለች ዘፈኑ ሌላ ነው፣ አይዘፈንም አለ። ይህን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። እኛ ፖላንዶች ያልተጻፈውን በማንበብ የምንኩራራ ሰዎች ነን፤ ጋዜጣው የዘለለውን፣ ሬዲዮው የዋጠውን አውጥተን የምናነብ። ያ ትዕቢት እኔም ነበረብኝ።

«ስማ፣ ሕዝቡ ደንቆሮ አይደለም» አልኩት። «ሉድዊካ እዚያች ጋ ትንሽ ትንፋሽ ከወሰደች ማን እንደሞተ ሁሉም ይገባዋል።»

«ካልገባቸውስ?»

«ይገባቸዋል አልኩህ እኮ!»

አመነኝ። እኔ ደግሞ በዚህ አላበቃሁም። «ደክማለች» በዝግታው ዜማ ስትዘፈን ሬሳ ሆነችብኝ፤ ስለዚህ ሳላማክረው አፈጠንኩት። ፖልካ፣ ፈጣን የጭፈራ ምት፣ አደረግኩት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አዳራሹ ተናጋ። «እናቴ ደክማለች» ማለት ሰልፍ የሚሰርቅ አጭበርባሪ ሁሉ የሚያመጣት ሰበብ ናት፤ ሰዉ ተቃቅፎ ሳቀ። ሉድዊካ የወሰደቻት ትንፋሽ የባሰውን አሳቀቻቸው። ሦስተኛውን አዝማች እኛ አልዘፈንነውም፣ እነሱ ዘፈኑት። ካየታን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ፊቱን ማየት አቃተኝና ኖታዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ ወሰደው፣ ሠርገኛ ወሰደው፣ የስሙን ቅዱስ ቀን የሚያከብር ሁሉ ቮድካው ሲሞቀው እሱን ይዘፍናል። ካየታን ከሁለት መቶ በላይ ግጥም ጽፏል፤ የሚጠይቁት ግን «እንደዚያኛው ያለ» ብቻ ነበር። ገንፍዬ የምናገረው ደግሞ ይህን ነው፦ ሥጋ ቤት ሲሄድ ሰልፈኛው ያውቀዋል። «አቶ ካየታን፣ እርስዎማ እዚህ ነበሩ!» ብለው እየሳቁ እጁን ይዘው ከፊት ያስገቡታል። አንገቱን ደፍቶ ያመሰግንና ተመልሶ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ይህንንም እንደ ቀልድ ቆጥረው ያወሩለት ነበር።

የኮሚኒስቶቹ መንግሥት ሲወድቅ ሳንሱሩ ተዘጋ። ካየታን የግጥሞቹን መድበል ለማሳተም ሲሄድ አንዲት ቃል ብቻ መልሱልኝ አለ። አሳታሚው ወጣት ነው፣ ነፃነት ነፃነት ሲል የሚውል። ሕዝቡ የሚያውቀው «ደክማለች»ን ነው፣ ግጥሙን ማበላሸት ይሆናል አለው። ያኔ የከለከለችን አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ለዚያውም ሻይ ትጋብዛለች። አሁን የሚከለክለው ሕዝቡ ሁሉ ሆነ።

የሥራ ዘመኑን አርባኛ ዓመት በባህል አዳራሹ ሊያከብሩለት ሲጠይቁት በአንድ ነገር ተስማማ። ዘፈኑን ራሱ ይዘፍነዋል፣ በዝግታው ዜማ፣ ከነቃሉ። እኔ አስቀድመህ ታሪኩን ንገራቸው አልኩት። እምቢ አለ።

«ቃሏ ከበቃች ትበቃለች» አለኝ። «ካልበቃች ግጥም አልጻፍኩም ማለት ነው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ገና መድረክ ላይ ሲወጣ ተነሥተው አጨበጨቡለት። ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ሰዉ ዜማውን እንዳወቀ በጭብጨባ ያዘው፤ እሱ ቀስ ሲል እነሱ ያፈጥኑታል። እጄ ሃያ ዓመት የለመደው ፖልካውን ነው፣ ሳላስበው ከጭብጨባው ጋር ሄደ። ካየታን እየተከተለን፣ ትንፋሽ እያጠረው ሦስተኛው አንጓ ላይ ደረሰ። «አሳልፉኝ» አለ፣ «እናቴ ሞታለች»።

አዳራሹ አንድ አፍታ ጸጥ አለ። ገባቸው አልኩ። ከዚያ አንዱ ከመሐል ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ። ሽማግሌው አዲስ ቀልድ አመጣልን ተባባሉ፤ ድሮ ደክማ ነበር፣ አሁን ገደላት! በፍቅር ነበር የሳቁት፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ካየታን ወደ እኔ ዞረ። እጄ አሁንም ይጫወታል።

«ቤኔክ» አለኝ፣ «ቢያንስ አንተ አቁም።»

አቆምኩ። እነሱ ፒያኖ አላስፈለጋቸውም፤ እንደቆሙ፣ እያጨበጨቡ፣ አዝማቹን እየዘፈኑ፣ እዚያ እንዳልነበረ ሦስት ጊዜ ነገሩት።