የአባዬ ሽሮ የጣመበት ሳምንት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሶስና ከአንድ ሱቅ ሆና ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። ከባሏ ጋር አዲስ የገቡበት ቤት የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያዋን በነጭ ኖራ ስለለበጠባት ውሃ ማለስለሻ ልትገዛ ወጥታለች። አንደኛው በጨው የሚሠራ ነው፤ ሌላኛው ጨው አይፈልግም። «የትኛው ይሻለናል እማዬ?» ትላለች። ፎቶዎቹን አየሁና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም።

እኛም ቤት ማለስለሻ ሲገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ ሳላገኝ ጉለሌ ወላጆቼ ቤት ተቀምጫለሁ። ቤታችን ከዊንጌት የታክሲ መውረጃ ተነስቶ ዳገቱን ለወጣ ሰው ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ብቅ ስለሚል ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሆነን ጉድጓድ አስቆፍረን ነበር። ውሃ አልጎደለብንም፤ ግን ጠጣር ነበር። ሳሙና አረፋ አይሰጥበትም። የታጠበ ነጠላ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ድርቅ ይላል። ቦይለሩ በሁለት ዓመት ሁለቴ ተቃጠለ፤ ሠራተኛው ሲፈታው የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነገር በእፍኝ እያወጣ አሳየን።

አባዬ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የልብ ድካም ካገኘው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሐኪሙም ጨው ከልክሎታል። እማዬ የእሱን ወጥ በትንሽ ድስት ለብቻው ትሠራለች። ነጭ ሽንኩርት ታበዛለች፣ ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ቃሪያ ከጎኑ ታስቀምጣለች። እሱ ግን ሁለት ሦስቴ ጎርሶ ይገፋዋል። ጨው የሌለው ሽሮ ጭቃ ጭቃ ይለኛል ይል ነበር።

«የማለስለሻውን ነገር ሰናይት ትመርጣለች» አለ አንድ ቀን። «ኬሚስትሪ የተማረችው እሷ ናት።»

ከተመረቅሁ ወዲህ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ኃላፊነት ነበር። በማግስቱ መርካቶ ወርጄ ጋሽ ከማል የሚባሉ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ገባሁ። በርጩማ ስበው አስቀመጡኝና ረጋ ብለው አስረዱኝ።

«ጨው የማይፈልገው ኖራው ብረት ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል እንጂ ውሃውን አያለሰልስም። የሚያለሰልሰው የጨዉ ነው። ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ኖራውን ይይዙታል፤ በየጥቂት ቀኑ ማሽኑ ራሱ በጨው ውሃ ያጥባቸውና እጣቢውን በጎማ ወደ ውጭ ይደፋል።» ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። «ጨው የተከለከለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን፣ ልጄ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከማሽኑ ውጭ አስቀሪው።»

እሺ አልኩ። ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ ግን ለወጥ ቤቱ የተለየ መስመር ለመዘርጋት ግድግዳ መስበር እንዳለበት ነገረኝ። ማሽኑ ወደ ውሃው የሚጨምረው ጨው እጅግ ጥቂት መሆኑን ደብተሬ ላይ አስልቼ «ተወው» አልኩት። ቶሎ አልቆ እንዲታይልኝ ቸኩዬ ነበር።

የመጀመሪያው ወር ደስ የሚል ነበር። እማዬ ልብስ ስታጥብ አረፋው እስከ ክንዷ እየደረሰ ታሳየኝ ነበር። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ የየካቲት ነፋስ የዳገቱን አቧራ በየመስኮቱ ይበትናል። አንድ ሰኞ አባዬ ምሳውን ጨርሶ ድስቱን በእንጀራ ጠረገ።

«ዛሬ ሽሮሽ ጣመኝ» አላት።

የእማዬ ፊት ሲፈካ አየሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው ጨው ጨው አለኝ። ወጥ ቤት ሄጄ ቀመስኩ፤ ያው ነው። ማሽኑን ከፍቼ ባየው ምንም አልገባኝም። ሠራተኛው ጋ ደወልኩ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ አለኝ። እማዬ በጾም ወጥ ስትሠራ አትቀምስም፤ የራሷም ወጥ ጨው አለው። ውሃውንም «የጉድጓድ ነገር፣ ጣዕሙ ይለዋወጣል» ብላ አለፈችው። ለአባዬ ሌላ ውሃ ላምጣ ብል ለምን ተብዬ እጠየቃለሁ፤ የወጥ ቤቱን መስመር መተዌም ይታወቅብኛል። እስከ ቅዳሜ ምን ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ረቡዕም ሐሙስም ድስቱን ጠርጎ በላ፤ እኔ ገበታው ላይ ተቀምጬ ጉርሻውን እቆጥር ነበር።

አርብ ጠዋት ጫማው እምቢ አለው። እግሩ እንደ ሊጥ አብጧል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንወርድ እጄን ይዞኝ ነበር። ጣቶቹ ቀዝቃዛ ነበሩ።

ኦክስጅን ካደረጉለት በኋላ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ እማዬን አስቆማት።

«እማማ፣ ምን እያበሏቸው ነው? ጨው በዝቶባቸዋል።»

«በጾም ምድር አልዋሽም» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ በእሱ ድስት ጨው ገብቶ አያውቅም።»

«መቼም ከሰማይ አልወረደም» ብሎ ገባ።

እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ እያጠቀለለች ለራሷ ታወራለች፦ «ሽሮውን ሲያስፈጩት ጨው ቀላቅለውበት ይሆን? በእኔ እጅ ነው እንዴ?» ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

«ውሃው ነው እማዬ። ማሽኑ ተበላሽቷል። ማክሰኞ ነው ያወቅሁት።»

«ማክሰኞ?» አለች። ተነስታ የሐኪሙን በር አንኳኳች፤ እኔም ተከትያት ገብቼ ሁሉን ነገርኩት። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ አንገቱን ነቅንቆ መድኃኒት ጻፈ። ሠራተኛውን ለምኜ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አመጣሁት። የእጣቢው ጎማ በብሎኬት ተጨፍልቆ ነበር፤ የጨው ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ቤቱ መስመር ይገባል።

አባዬ ትንፋሹ የተስተካከለው በአራተኛው ቀን ነው። እማዬ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ቆማ ሳለ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

«እኔም አውቄዋለሁ» አለ። «ጨው ምላሴን አያመልጠውም። እናትሽ ተሳስታ የጨመረችበት መስሎኝ፣ ጣፍጦኝ ዝም አልኩ።»

እማዬ ፔርሙዙን ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጠች። «ሐኪሙ ፊት የቆምኩት ግን እኔ ነኝ» ብላ ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ግድግዳው ተሰብሮ ለወጥ ቤቱ የራሱ መስመር ተዘረጋ። አባዬ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ።

ለሶስና ደውዬ የጨዉን እንድትገዛ፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ግን ግድግዳ ቢሰበርም እንድትለይ ነገርኳት። እሺ ብላ ዘጋች። የቀረውን አልነገርኳትም። ዛሬም የሚቆጨኝ ማሽኑ መበላሸቱ አይደለም፤ ዕቃ ይበላሻል። የሚቆጨኝ ከማክሰኞ እስከ አርብ ያለው ጊዜ ነው። ሁለት ሰዎች እያወቅን ዝም ስንል ምንም የማታውቀው ተጠያቂ ሆነች። እማዬ እስክታልፍ ድረስ ያን ነገር አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።