ቢላ ያልነካው ወይን

ቄስ ላቀው ከወገዳ ከተማ ራቅ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ያገለግላሉ። የሚያርሱት ገብስና ስንዴ ነው፤ የሚብሰለሰሉት ግን በአንድ የወይን ሐረግ ነው። በጉልምስናቸው ጊዜ ከቤተ ልሔም ገዳም አምጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተከሉት። ሐሳባቸው መንገድ ሲዘጋና ዘቢብ ከገበያ ሲጠፋ ቅዳሴ እንዳይታጎል ከደጃቸው ወይን ለቅመው፣ አድርቀው ለቁርባን ለማድረስ ነበር። ሐረጉ አጠገቡ ባለ ወይራ ላይ ተጠምጥሞ ጫፍ ወጣ። ቅጠሉ ለጉድ ነው፤ ፍሬ ግን አንድም ዘለላ አልታየበትም። ውሃ አጠጡት፣ ፍግ አለበሱት፣ ጸለዩለት። ምንም!

ልጃቸው ዕፀገነት ቼክ በሚባለው አገር፣ ሞራቪያ ውስጥ ነርስ ናት። «አባዬ፣ እዚህ አገሩ ሁሉ ወይን ነው። መጥተው ገበሬዎቹን ይጠይቁ» አለቻቸው። ቄስ ላቀውም ፍሬ የሚያፈራበትን ዘዴ ይዤ እመለሳለሁ ብለው በዐቢይ ጾም ሄዱ።

መጀመሪያ የገቡበት የወይን ጠጅ መጥመቂያ ባለቤት ሰላምታው ሳያልቅ ብርጭቆ ሞላላቸው። ገና ጠዋት ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ» አሉ። ሰውዬው ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ የፈሩ መስሎት አይብ ቆርሶ አቀረበላቸው። በጾም አይብ! ዕፀገነት ስታስረዳ ላብ በላብ ሆነች።

ሁለተኛው ቤት ደግሞ ባሰ። ባለቤቱ ከምድር ቤት አስገብቶ ከበርሜል በርሜል ሲያዞራቸው ዋለ። ይሄኛው እንጆሪ ይሸታል፣ ያኛው ቆዳ ይሸታል ይላቸዋል። ወይን ወይን ቢሸት ምን ነበረበት?

«ልጄ፣ ሐረጉን አሳዩኝ በያቸው!»

«አባዬ፣ ጉብኝቱ ምድር ቤት ነው። ማሳው ጭቃ ነው ይላሉ።»

«ጭቃ መቼ ፈርቼ አውቃለሁ? ሽታ ልቆጥር ነው እንዴ ባሕር የተሻገርሁት?»

ተናደው ወጡ። መንገድ ዳር ባለ ማሳ ውስጥ አንዲት አሮጊት መቀስ ይዘው የወይኑን ቅርንጫፍ እየቆራረጡ ሲጥሉ አዩ። ቄሱ ክው አሉ። ካባቸውን ሰብስበው ጭቃውን እያቦኩ ሮጡና የሴትዮዋን እጅ ያዙ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ምን አደረገዎት?»

አሮጊቷ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ነገሩ ሲገባቸው ግን ሳቁ። ዕፀገነት ደርሳ አስተረጎመች። ወይን በየዓመቱ ካልተከረከመ ጉልበቱን ቅጠል ይጨርሰዋል፤ ደህና ፍሬ የሚመጣው ከቆረጡት በኋላ በሚያቆጠቁጠው ላይ ነው።

ቄስ ላቀው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ያን ሁሉ ዘመን የለፉበት ነገር መልሱ ይህ ነው? ደስ ሳይላቸው የገዛ ግዝታቸው ትዝ አላቸው። ቀደም ሲል ጎረምሶች የደብሩን ዛፍ ለማገዶ ሲጨርሱት፣ ከቅጥሩ ውስጥ ቅጠል እንኳ የቆረጠ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሁን ብለው የገዘቱ ራሳቸው ናቸው።

አገራቸው እንደገቡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አስቀምጠው ያዩትን ነገሩት። «ለዚህ ለአንዱ ሐረግ ግዝቱን ልፍታው» አሉ።

ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ፊልጶስ፣ ነጠላውን አደግድጎ ተነሣ።

«አባታችን፣ ሚስቴ የወለደች ለት ቤቴ ማገዶ አልነበረም። ከአጥሩ አጠገብ ቆሜ ጭራሮውን እያየሁ ተመለስሁ። አራሷ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አደረች። እርስዎ ስለገዘቱ ነው። አሁን እርስዎ ሲፈልጉት ይፈታል?»

ለቁርባኑ እኮ ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ዞረው ሕዝቡን አዩ። ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ ሽማግሌዎቹ መሬት እያዩ፣ ሁሉም ከፊልጶስ ጋር ናቸው።

«እውነትህን ነው፣ ተቀመጥ» አሉት፤ ግዝቱንም ሳይፈቱት ቀሩ።

ቄስ ላቀው ያን ያህል ዓመት ሲሰብኩ «የሚሰማኝ የለም» እያሉ ያማርሩ ነበር። ያን ዕለት መሰማታቸው አንገበገባቸው።