በጣቴ ያላስኳት ቅቤ

ልጄ በሰባት ወሯ ተወለደች። ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያቀፍኳት ቀን ከአንድ ኪሎ እምብዛም እንደማትበልጥ እጄ ነገረኝ። ሚስቴ በኦፕራሲዮን ወልዳ ሌላ ፎቅ ላይ ተኝታለች፤ ጡቷም ወተት አልያዘም። ልጅቷን ደረቴ ላይ ለጥፌ የማሞቃት እኔ ሆንኩ።

ሐኪሙ ጊዜያቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሆን የዱቄት ወተት አዘዘላት፤ ቶሎ ክብደት እንድትጨምር ተጨማሪ ቅባት የገባበት። ሰውነቷ ቅባቱን መቻሉን ለማወቅ በየሳምንቱ ደሟን እንደሚያዩ ነገረኝ። ነርሷም አልጋዋ ላይ ወረቀት ለጠፈች።

"አባቷ፣ አንብበውታል አይደል?"

"አንብቤዋለሁ።"

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ታክሲ ውስጥ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰዎች እንደሚያደርጉት ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩ፣ አለቀ።

በማግስቱ እናቴ ከወሎ ደወለች።

"ቅቤ አላስሃት?"

"ሐኪም ቤት ናት እኮ፣ እማ።"

"ሐኪም ቤት የገባ ሰው ጉሮሮው አይደርቅም? አንተን በምን ያሳደግኩህ መሰለህ፣ በዱቄት?"

ከገበያ ጎረቤቴ ለጋ ቅቤ ወሰድኩ፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ነርሷ ዞር ስትል ጣቴን ነከር አድርጌ አላስኳት። ያቺ ፍጥረት ጣቴን ይዛ ጠባች! አባት የሆንኩት ያኔ መሰለኝ። አራት ቀን እንዲሁ አደረግኩ።

ከዚያ ለምርመራ ደሟን ቀዱ። ብልቃጡ ትንሽ ሲቆይ ከላይ ነጭ ነገር ተንሳፈፈበት። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

"ደሟ ውስጥ ያለው ቅባት በጣም በዝቷል። ወተቱ ከብዷት ይሆናል። ሌላ የተሰጣት ነገር የለም አይደል?"

"ምን ይሰጣታል?" ብዬ ጮህኩበት። ጥፋተኛ ሲጮህ ደግሞ ሰው ያምነዋል።

ያን ወተት አስቁመው ቅባት ያልተጨመረበትን ተራውን አደረጉላት። ቅቤውን ሽንት ቤት ጣልኩት። በሳምንቱ ደሟ ጠራ። "ወተቱ ነበር ማለት ነው" አለ ሐኪሙ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሚዛኑ ግን አልነቃነቅ አለ። አብረዋት የተወለዱት ወፍረው ሲወጡ እኛ ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ቆየን። ሚስቴ "ይሄ የተረገመ ጡቴ ወተት ቢይዝ እዚህ አንደርስም ነበር" እያለች ታለቅሳለች። ጀርባዋን እየደባበስኩ "የፈጣሪ ሥራ ነው" አልኳት። በገዛ ሥራዬ ፈጣሪን ወነጀልኩ።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልማሶች የሚማሩበት ሄጄ ማንበብ ቻልኩ። ሚስቴ ያን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጣው ኖሯል። "ከታዘዘላት ወተት ውጪ በአፏ ምንም አይሰጣት" ይላል። አንድ መስመር። መልሼ አጣጥፌ ካርዱ ውስጥ ከተትኩት።

ልጄ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት። እናቷ ቅቤ እቤታችን አታስገባም፤ "ሐኪም ነው ያለው፣ ቅባት አይስማማትም" ትላለች። ባለፈው እሑድ ከበላያችን ያለችው ጎረቤታችን ወልዳ ልንጠይቃት ወጣን። ገንፎ ቀረበ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ሞልቶበት። ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እኔ ቅቤ አይስማማኝም። ስወለድ ደሜን ነጭ አድርጎታል።"

"ውይ፣ ይቺ ዶክተር!" ብለው ሳቁባት።

እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወደ እኔ ዞረች። "አይደል፣ አባዬ?"

ዓይኗ ገንፎው ላይ ነበር። አምሯታል።

"አይደለም" አልኩ። "ይስማማሻል፣ ብዪ።"

የሚስቴ እጅ ቆመ። ቤታችን ወርደን በሩን ስንዘጋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኪሴን፣ ጣቴን፣ ወረቀቱን። እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ።

"ጡቴን ስረግም አጠገቤ አልነበርክም?"

"ነበርኩ።"